ጾም ሲገባ ደም ባዶ ይቀራል?

ሁዳዴ ሲቃረብ ጂም የሚሠሩ ጓደኞቼ ፊታቸው ይጠቁራል። «ሥጋ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ጡንቻዬ ሊሟሟ ነው» ይላሉ። ፕሮቲን ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ አሚኖ አሲድ እንደሚሆንና ወደ ደም እንደሚገባ ያውቃሉ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ ነው።

«ብዙ ሥጋ ከበላሁ አሚኖ አሲዱ ደሜ ውስጥ ይጠራቀማል»

ደም ጎተራ አይደለም። ከአንጀት የገባው አሚኖ አሲድ መጀመሪያ የሚደርሰው ጉበት ጋ ነው። ጉበት አብዛኛውን ያስቀራል፤ ለራሱ ይጠቀማል፣ የተረፈውን ያቃጥላል፣ ናይትሮጅኑን ዩሪያ አድርጎ በሽንት እንዲወጣ ይሰዳል። ሉሲን፣ አይሶሉሲንና ቫሊን የተባሉት አሚኖ አሲዶች ግን በብዛት ያመልጡታል፤ እነሱን መሰባበር የሚጀምረው ኢንዛይም (ሥራውን የሚያካሂደው ፕሮቲን) ጉበት ውስጥ እምብዛም የለም። ስለዚህ ከክትፎ በኋላ ደም ውስጥ ጎልተው የሚታዩት እነሱ ናቸው። ከሰዓታት በኋላ እነሱም ይወርዳሉ፤ ዋናው ወሳጅ ጡንቻ ነው። ሥጋ ሲዘወተር ደግሞ ጉበት የማቃጠል አቅሙን ይጨምራል። ፕሮቲኑን እጥፍ ብትበሉ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ የሚለካው እጥፍ አይሆንም።

«ካልበላሁ ደሜ ውስጥ ምንም አይኖርም»

ይኖራል። ጡንቻ በተለይ አላኒንና ግሉታሚን የተባሉ አሚኖ አሲዶችን እየለቀቀ ደሙን ይመግባል። የሚገርመው፣ ሰው ጭራሽ እህል ሳይቀምስ ሲሰነብት በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሉሲንና የጓደኞቹ መጠን ከፍ ይላል። ደስ የሚል ዜና አይደለም፤ የሚመጣው ከራሱ ጡንቻ ነው።

«የሽሮ ፕሮቲን ፕሮቲን አይባልም»

ይሄኛው ያናድደኛል። ጤፍ ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፤ ሽምብራና ባቄላ ላይሲን አላቸው። ጥራጥሬው ሜታዮኒን የተባለው ሌላ አሚኖ አሲድ ሲያንሰው ጤፉ ይደርስለታል። በአንድ ጉርሻ መገናኘትም የለባቸውም፣ በቀኑ ውስጥ መበላታቸው ይበቃል። በእርግጥ ከሥጋው ይልቅ የጥራጥሬው ፕሮቲን ትንሽ ያነሰ ይፈጫል፤ ስለዚህ ጭልፋውን ሞላ ማድረግ ነው።

«ጥሬ እንቁላል ቶሎ ደም ውስጥ ይገባል»

ፋሲካ ሲደርስ ስድስት እንቁላል ሰብሮ የሚጠጣ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1998 ቤልጂየም ውስጥ በጥቂት ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ከበሰለው እንቁላል ፕሮቲን 91 በመቶ ገደማው ሲፈጭ፣ ከጥሬው የተፈጨው 51 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር።

«ደሜን ብመረመር በቂ ፕሮቲን መብላቴ ይታወቃል»

በዚህ ብቻ አይታወቅም፤ ውጤቱ የመጨረሻው ምግብ ከተበላ ስንት ሰዓት እንደሆነው ላይም ይወሰናል። ምርመራው ይበልጥ የሚጠቅመው ለሌላ ነገር ነው። ለምሳሌ ፌኒልኬቶኑሪያ የተባለ በሽታ ይዟቸው የሚወለዱ ሕፃናት ፌኒልአላኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ የሚለውጠው ኢንዛይም ይጎድላቸዋል። ወተቱ ለሌላው ሕፃን የሚሆን ልክ ቢሆንም እንኳ ፌኒልአላኒኑ እነሱ ደም ውስጥ ይከማቻል፣ አንጎላቸውንም ይጎዳል።