1988፦ ታፍነው የቆዩ መጻሕፍት የወጡበት ዓመት

እዚህ የምናወራው ስለ ፈረንጆቹ 1988 ነው። በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 1980 እስከ ታኅሣሥ 1981 ያለው ጊዜ መሆኑ ነው። ሌሎቹም ዓመተ ምሕረቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በዚህ ዓመት ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ተሸልሟል። ለእኔ ግን ከሁሉም ጎልቶ የሚታየኝ ለአሥርተ ዓመታት ታፍነው የኖሩ መጻሕፍት በተጻፉበት አገር መታተማቸው ነው።

ከሶቪየት ኅብረት እንጀምር። ቦሪስ ፓስተርናክ «ዶክተር ዢቫጎ»ን ጨርሶ ለ«ኖቪ ሚር» መጽሔት ሰጠ። መጽሔቱ በ1956 አልቀበልም አለ። ልቦለዱ በቀጣዩ ዓመት ጣሊያን ውስጥ ታተመ። ፓስተርናክ በ1958 ኖቤል ሲሸለም ደግሞ የአገሩ ባለሥልጣናት ቁም ስቅሉን አሳዩት። ሽልማቱን ሳይወድ በግድ ተወው። በ1960 ሞተ። በጃንዋሪ 1988 ልቦለዱን በተከታታይ ማውጣት የጀመረው ያው «ኖቪ ሚር» ነው።

የቫሲሊ ግሮስማን ግን ከዚህም ይብሳል። ግሮስማን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጦር ሜዳ ጋዜጠኛ ነበር። የስታሊንግራድን ውጊያ በዓይኑ አይቷል። «ሕይወትና ዕጣ» የተባለው ግዙፍ ልቦለዱ የሂትለርንና የስታሊንን ሥርዓት ጎን ለጎን አስቀምጦ ያሳያል። በ1961 የኬጂቢ፣ ማለትም የሶቪየት የስለላ ድርጅት፣ ሰዎች ቤቱ ድረስ መጡ። እሱን አልነኩትም፤ የመጡት ለመጽሐፉ ነበር። የእጅ ጽሑፉን ወሰዱ። ካርቦን ወረቀቱን ወሰዱ። የታይፕ ራይተሩን ሪባን ሳይቀር ወሰዱ። የፓርቲው የርዕዮተ ዓለም ሹም ሚካኢል ሱስሎቭ «ይህ መጽሐፍ ለሁለትና ሦስት መቶ ዓመት አይታተምም» እንዳለው ይነገራል። ግሮስማን በ1964 ሥራው ታትሞ ሳያይ በካንሰር ሞተ።

ግን ወዳጅ ዘንድ የተደበቀ ቅጂ ነበር። በማይክሮፊልም ተነሥቶ በድብቅ ከአገር ወጣ፤ በ1980 ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ። በ1988 ደግሞ «ኦክትያብር» የተባለው መጽሔት ለሶቪየት አንባቢ አደረሰው። ከተወረሰ 27 ዓመት ሆኖት ነበር። በሩን የከፈተው የጎርባቾቭ የግልጽነት ፖሊሲ ነው። ሰዉ እነዚህን ወፍራም የሥነ ጽሑፍ መጽሔቶች ተሻምቶ ያነብ ነበር፤ «ኖቪ ሚር» በዚያ ዓመት ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ይታተም ነበር።

በኦክቶበር የኖቤል ሽልማት ለግብፃዊው ናጊብ ማህፉዝ ተሰጠ። በዐረብኛ የሚጽፍ ሰው ኖቤል ሲያገኝ የመጀመሪያው ነው። ዕድሜው 76 ነበር። ጡረታ እስከወጣበት ጊዜ ድረስ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ይጽፍ የነበረው ከሥራ መልስ ነው። የአንድ ቤተሰብን ሦስት ትውልድ የሚተርኩት ሦስት ተከታታይ ልቦለዶቹ የተሰየሙት በአሮጌው ካይሮ ጎዳናዎች ስም ነው። ስቶክሆልም አልሄደም፤ ሽልማቱን ሁለት ሴት ልጆቹ ተቀበሉለት። እሱም ቢሆን የታፈነ መጽሐፍ ነበረው። «የሠፈራችን ልጆች» በ1959 በ«አል አህራም» ጋዜጣ በተከታታይ ወጥቶ የሃይማኖት ሰዎችን አስቆጣ። በመጽሐፍ መልክ የታተመው ግብፅ ሳይሆን ቤይሩት፣ በ1967 ነው። ከኖቤሉ ስድስት ዓመት በኋላ አንድ ወጣት በዚሁ መጽሐፍ ሰበብ አንገቱን በቢላ ወጋው። ተረፈ፣ ግን ቀኝ እጁ እንደ ልቡ መጻፍ አልቻለም።

አንዱ በር ሲከፈት ሌላው ተዘጋ። ሳልማን ሩሽዲ «ሰይጣናዊ ጥቅሶች»ን በሴፕቴምበር 1988 ለንደን ውስጥ አሳተመ። ብዙ ሙስሊሞች መጽሐፉ ነቢያቸውን እንደደፈረ ቆጠሩት። ሕንድ በቀጣዩ ወር እንዳይገባ ከለከለች፤ ሌሎች አገሮችም ተከተሉ። የኢራኑ መሪ አያቶላህ ኾሜኒ ደራሲው እንዲገደል ፈትዋ (ሃይማኖታዊ ብይን) ያወጡት በፌብሯሪ 1989 ነው። የጃፓንኛ ተርጓሚው ሂቶሺ ኢጋራሺ በ1991 ተገደለ። ሩሽዲ ራሱ በ2022 መድረክ ላይ ተወግቶ አንድ ዓይኑን አጣ። መጽሐፉ በ1988 ለቡከር፣ ለእንግሊዝ ታዋቂ የልቦለድ ሽልማት፣ ከታጩት አንዱ ነበር፤ ሽልማቱን የወሰደው ግን አውስትራሊያዊው ፒተር ኬሪ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ዓመቱ በአቤቱታ ተከፈተ። በጃንዋሪ 48 ጥቁር ደራሲያንና ምሁራን ቶኒ ሞሪሰን የሚገባት ሽልማት እንደተነፈጋት በኒውዮርክ ታይምስ ላይ ፈርመው አወጡ። ከጥቂት ሳምንት በፊት የሞተው ጀምስ ቦልድዊንም ትልቁን ሽልማት ሳያገኝ ማለፉን አነሡ። በማርች መጨረሻ የሞሪሰን ልቦለድ «ቢላቭድ» የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ። ልቦለዱ የተነሣው ከማርጋሬት ጋርነር ታሪክ ነው። ጋርነር በ1856 ከኬንታኪ ባርነት አምልጣ ኦሃዮ የገባች እናት ነበረች። አሳዳጆቿ ሲደርሱባት ልጄ ዳግም ባሪያ ከምትሆን ብላ በገዛ እጇ ገደለቻት። አቤቱታው ለሽልማቱ ምክንያት ሆነ ብለው ያሙ ነበሩ። እኔ መጽሐፉን አንብቦ እንዲህ የሚል ሰው አይገባኝም።

ብራዚል ውስጥ ፓውሎ ኮኤልዮ «አልኬሚስቱ»ን ያሳተመው በዚህ ዓመት ነው። መጀመሪያ ገበያ አልነበረውም፤ ሚሊዮኖች ዘንድ የደረሰው ኋላ ነው። የደቡብ አፍሪካው ደራሲ አለን ፓተን በኤፕሪል ሞተ። የአፓርታይድን ፍጻሜ አላየም።

ከአፍሪካ በኩል የዓመቱ ትልቁ መጽሐፍ የዚምባብዌዋ ትሲትሲ ዳንጋሬምብጋ «ነርቨስ ኮንዲሽንስ» ነው። ልቦለዱ ሲጀምር ታምቡ የምትባል ልጅ ወንድሟ ሲሞት እንዳላዘነች ትነግረናለች። ለምን ብለን እንቆጣለን። ገጹ እየተገለጠ ሲሄድ ግን ነገሩ ይገባናል፤ የትምህርት ቤት ክፍያ ለእሱ ሲከፈል እሷ ቤት ቀርታለች፣ ተምራ ለመውጣት የቻለችው በእሱ ቦታ ተተክታ ነው። ዳንጋሬምብጋ ያኔ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነበረች። አገሯ አሳታሚ አጥታ መጽሐፉ የወጣው ለንደን በሚገኝ የሴቶች ማተሚያ ቤት ነው። ጥቁር ዚምባብዌያዊት በእንግሊዝኛ ያሳተመችው የመጀመሪያው ልቦለድ ነው። የታምቡ ታሪክ በ2006ና በ2018 በወጡ ሁለት መጻሕፍት ቀጠለ፤ ሦስተኛው በ2020 ለቡከር የመጨረሻ ዙር ታጭቷል። በዚያው ዓመት ደራሲዋ ሐራሬ ውስጥ መፈክር ይዛ ሰልፍ በመውጣቷ ታሰረች።