«ወንዶቹ አልቻሉትም» እና ሌሎች ስለ አዳዲስ የወሊድ መከላከያዎች የሚነገሩ ስህተቶች

«ለወንዶች የወሊድ መከላከያ መርፌ ተሠርቶ ነበር፤ ብጉሩንና የስሜት መለዋወጡን መቋቋም አቅቷቸው ተዉት።» ይህን ደጋግሜ እሰማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የጥናቱ ውጤት ሲታተም ወሬው ዓለምን አዳረሰ። እውነታው ግን ሌላ ነው። 320 ወንዶች በየ8 ሳምንቱ ይወጉ ነበር። መርፌውም ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 እንዲቆም ያደረገው ደኅንነቱን የሚከታተል ገለልተኛ የባለሙያዎች ቡድን ነው። የስሜት መታወኩና ድባቴው አሳስቦት ነበር። በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት ያቋረጡ ነበሩ፤ ግን ጥቂት ናቸው። ከ75 በመቶ በላይ የሚሆኑት «ቢገኝ እንጠቀማለን» ብለዋል። ታዲያ «ወንዶቹ ሸሹ» ማለት ስማቸውን በከንቱ ማጥፋት ነው።

«የወንድ ክኒን መሥራት ቀላል ነው፤ የጠፋው ፍላጎት ነው።» ግማሹ እውነት ነው። ትልልቅ የመድኃኒት ኩባንያዎች ከዚህ ሥራ እጃቸውን አውጥተዋል፤ ይሄ በጣም ያናድደኛል። ሥራው ግን ቀላል አይደለም። የሴቷ እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ በወር አንድ ነው። የወንዱ ዘር በየቀኑ በሚሊዮኖች ይመረታል። አንዱ ዘር ለመብሰል ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ መድኃኒቱ ዛሬ ተወስዶ ዛሬ አይሠራም።

«ያለ ሆርሞን አይሆንም» የሚለውም ስህተት ነው። ሴቷ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው የመዳብ ሉፕ ሆርሞን የለውም፤ ለዓመታት ይሠራል። ዋይሲቲ-529 የተባለው የወንዶች እንክብል ደግሞ ዘር እንዲመረት የሚያዘውን የቫይታሚን ኤ መልእክት ይዘጋል። የመጀመሪያው ሙከራ በ16 ወንዶች ላይ ተደርጓል። ያየው ግን ደኅንነቱን እንጂ እርግዝና መከላከሉን አይደለም። «የወንዶች ክኒን መጣ» የሚል ዜና ስታዩ እባካችሁ ቆም በሉ።

«አዲስ ነገር ከሆነ መሞከሪያ ሊያደርጉን ነው።» ይህ ፍርሃት ከሜዳ አልተነሳም። እ.ኤ.አ. በ1956 የሴቶቹ የወሊድ መከላከያ ክኒን በካሪቢያኗ ደሴት በፖርቶ ሪኮ ሲሞከር፣ ብዙዎቹ ሴቶች ሙከራ ላይ መሆናቸው በቅጡ አልተነገራቸውም። የሆርሞኑ መጠንም የዛሬው ብዙ እጥፍ ነበር። ዛሬ ተሳታፊው አውቆ ይፈርማል፣ ሲፈልግም ይወጣል። መከላከያ የሚወስደው ጤነኛ ሰው ነውና ለታማሚ የሚታለፍ የጎንዮሽ ጉዳት እዚህ አይታለፍም። ትከሻ ላይ የሚቀባው የወንዶች ጄል ሲሞከር ጥንዶቹ ለ1 ዓመት በእሱ ብቻ እንዲተማመኑ ተደርጓል። የዘሩ ቁጥር በበቂ ሁኔታ መውረዱ በምርመራ ሳይረጋገጥ ግን ወደዚያ ደረጃ የሚያልፍ አልነበረም።