የውሻ መጃጀት ምንድን ነው?

ውሻም እንደ ሰው ይጃጃል። ዕድሜ የገፋ ውሻ ሁሉ ግን አይጃጅም፤ ይህ ራሱን የቻለ የአንጎል ሕመም ነው። ቤታ አሚሎይድ የሚባል ፕሮቲን አንጎል ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል፣ የነርቭ ሕዋሳት ይሞታሉ፣ አንጎሉም እየሟሸሸ ይመጣል። ከሰው የአልዛይመር (የመርሳት) በሽታ ጋር በብዙ ነገር ስለሚመሳሰል፣ አልዛይመርን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ያረጁ ውሾችን ይከታተላሉ።

ሕመሙ ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 11 እና 12 ዓመት ከሆኑት ውሾች 28 በመቶው፣ 15 እና 16 ዓመት ከሆናቸው ደግሞ 68 በመቶው ቢያንስ አንድ ምልክት እንደታየባቸው አሳይቷል።

ሲጀምር ቶሎ አይነቃበትም። ውሻው መውጣት ፈልጎ ወደ በሩ ይሄድና በሚከፈተው ሳይሆን በማጠፊያው በኩል ቆሞ ይጠብቃል። ከሶፋ ጀርባ ይገባና መውጫው ጠፍቶበት እዚያው ይቀራል። ባዶ ግድግዳ ላይ ያፈጣል። ደጅ ሲዞር ቆይቶ ሳይሸና ይመለስና ምንጣፉ ላይ ይለቀዋል። የለመደውን ስለረሳ ቢቆጡት አይገባውም፣ ይብሱን ይፈራል። ቤተሰቡን የሚያማርረው ግን ሌሊቱ ነው። ቀን ሲያንቀላፋ ይውልና ሁሉም ሲተኛ ይነሳል፤ ጥፍሩን ወለሉ ላይ ቀጭ ቀጭ እያደረገ ከክፍል ክፍል ይንጎራደዳል፣ ያላዝናል፣ አንዳንዴም በሌለ ነገር ላይ ይጮኻል።

ይህን ሁሉ አይቶ «በቃ ጃጅቷል» ለማለት መቸኮል ግን፣ በእኔ እምነት፣ ያረጀ ውሻ ላይ የሚፈጸም ትልቁ በደል ነው። ምክንያቱም መገጣጠሚያውን የሚያመው ውሻም ሌሊት እንቅልፍ የለውም። ኩላሊቱ የደከመ ወይም ስኳር ያለበት ብዙ ውሃ ስለሚጠጣ ቤት ውስጥ ያመልጠዋል። ጆሮው የደከመም ሲጠሩት ዝም ይላል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ይታከማሉ፤ የማይድኑትም ቢሆኑ ስቃያቸውን ማቅለል ይቻላል። ስለዚህ ሐኪሙ መጀመሪያ ደምና ሽንት ይመረምራል፣ የደም ግፊት ይለካል፣ እግሮቹን እያጠፈ እየዘረጋ ያያል። መጃጀቱ የሚታወቀው ሌላው ምክንያት አንድ በአንድ ተጣርቶ ሲያልቅ ነው። ሌሊት የሚሆነውን በሞባይል ቀርጻችሁ ውሰዱ፤ ክሊኒክ የገባ ውሻ ደንገጥ ስለሚል ቤት እንደሚሆነው አይሆንም። የሚያመው ነገር እንዳለ ከጠረጠራችሁ ደግሞ በራሳችሁ የሰው ማስታገሻ የሆነውን ኢቡፕሮፌን እንዳትሰጡት፤ የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊቱንም ይጎዳል።

መጃጀትን የሚያድን መድኃኒት የለም። ለሰው የፓርኪንሰን ሕመም የሚታዘዘው ሴሌጂሊን በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ለውሾች መጃጀትም ተፈቅዷል፤ ሆኖም የሚረዳው ሁሉንም አይደለም። የደከመ አንጎል ከግሉኮስ ሌላ የኃይል ምንጭ እንዲያገኝ ተብለው የሚዘጋጁ ምግቦችም አሉ፤ ሐኪም አማክራችሁ መሞከር ይቻላል።

ዋናው ሥራ ቤት ውስጥ ነው። የቤት ዕቃ አታዘዋውሩበት፤ ውሃውና መኝታው ከለመደው ቦታ አይነሱ። የሚያንሸራትት ወለል ላይ ምንጣፍ አንጥፉለት። ምግቡም ሽርሽሩም ሰዓቱን ይጠብቅ። ሽርሽሩ አጭር ይሁን፣ ግን አትጎትቱት፤ እያንዳንዱን ጥግ እያሸተተ ይሂድ፣ ማሽተት ለአንጎሉ ሥራ ነውና። ምግብ ጨርቅ ሥር ደብቃችሁ እንዲፈልግ ማድረግም እንዲሁ። ቀን ከእንቅልፉ ቀስቅሳችሁ ብርሃን ላይ አቆዩት፤ ማታ ከመኝታ በፊት አስወጥታችሁ አሸኑት፣ ሲመለስ መተላለፊያው ላይ ደብዘዝ ያለ መብራት ተዉለት።

ግዙፍ ዝርያዎች ከትንንሾቹ ቀድመው ያረጃሉ። ለእነሱ ከ7 ዓመት ገደማ፣ ለትንንሾቹ ከ10 ዓመት ገደማ ጀምሮ በዓመት ሁለት ጊዜ ማስመርመር ይመከራል።