የአንድ ቅርጽ ካፓሲቲ ምንድን ነው?

ስለ መሬት ሲወራ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስፋቱ ነው። የኮምፕሌክስ ቁጥሮችን ፈንክሽኖች ለሚያጠናው የሂሳብ ዘርፍ፣ ለኮምፕሌክስ አናሊሲስ ግን ስፋት ብቻ አይበቃም። ቀጥ ያለች መስመር ስፋቷ ዜሮ ነው፤ ካፓሲቲዋ ግን የርዝመቷ ሩብ ነው። ነጠላ ነጥብ ደግሞ ሁለቱም የላትም።

ይሄ ቁጥር ከየት ይመጣል? ሃንጋሪያዊው የሂሳብ ሊቅ ፌኬቴ እ.ኤ.አ. በ1923 ያመጣው መንገድ ለእኔ ከሁሉም ግልጽ ነው። ቅርጹ ላይ ነጥቦች አስቀምጡ፤ የተቻለውን ያህል አራርቋቸው። ከዚያ የየጥንዱን ርቀት ወስዳችሁ ጂኦሜትሪያዊ አማካዩን አስሉ፤ ማለትም ርቀቶቹን ሁሉ አባዙና በብዛታቸው ልክ ሥሩን አውጡ። ሬዲየሱ 1 በሆነ ክብ ላይ 2 ነጥብ ከሆነ መልሱ 2 ነው። በ3 ነጥብ 1.73፣ በ4 ነጥብ 1.59፣ በ100 ነጥብ 1.05 ገደማ ይሆናል። ነጥቦቹ በበዙ ቁጥር ወደ 1 ይጠጋል። ካፓሲቲ ማለት ይሄ ማረፊያ ነው፤ ለክብ ሬዲየሱ ራሱ ነው።

ለተወላገደ ቅርጽ ግን ቀመር አይገኝም። ሲሜትራይዜሽን፣ ማለትም ቅርጹን በአንድ መስመር ግራና ቀኝ እኩል ማድረግ፣ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ዘዴውን ያመጣው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ስዊዘርላንዳዊ የሂሳብ ሊቅ ያኮብ ስታይነር ነው። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለ አንድ የተጣመመ የገብስ ማሳ አስቡ፤ በሬዎቹ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አርሰውታል። ትልሞቹን አቋርጦ የሚያልፍ ገመድ ዘርጉ። እያንዳንዱን ትልም ርዝመቱን ሳትነኩ መሃሉ ገመዱ ላይ እስኪያርፍ ግፉት። ድንጋይ የቆረጠው ትልም ካለ ቁርጥራጩን ግጠሙት። (በወረቀት ላይ ነው እንጂ፣ በእውን ቢሞከርማ ድንበር ተገፋ ተብሎ ሽማግሌ ያስቀምጣል።)

ስፋቱ ስንዝር አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ዙሪያው ግን ያጥራል ወይም ባለበት ይቆያል። ካፓሲቲውም እንደዚያው፤ በጭራሽ አይጨምርም። ይህን ያሳዩት የሂሳብ ሊቃውንቱ ፖልያና ሴጎ ናቸው። አቅጣጫ እየቀያየራችሁ ብትደጋግሙት ማሳው ወደ ክብ ይጠጋል። ስለዚህ እኩል ስፋት ካላቸው ቅርጾች ሁሉ ትንሹ ካፓሲቲ የክብ ነው።

ጥቅሙ ቀላል አይደለም። 1 ሄክታር የሆነ ክብ ሬዲየሱ 56.4 ሜትር ነው። እንግዲህ 1 ሄክታር ማሳ የፈለገውን ያህል ቢወላገድ ካፓሲቲው ከዚያ አይወርድም። አራቱም ጎኑ 100 ሜትር የሆነ ካሬ ካፓሲቲው በትክክል ሲሰላ 59 ሜትር ገደማ ነው፤ ግምቱ ብዙም አልራቀም። ወደ ላይ ግን ዘዴው ዋስትና አይሰጥም። ያንኑ 1 ሄክታር 1 ሜትር ወርድ ይዞ 10 ኪሎ ሜትር ቢዘረጉት ካፓሲቲው ከ2500 ሜትር ያልፋል።