«ጆይስቲኩ ነው!» የጌም ቤት ወሬና እውነታው

ጅማ ላይ ዝናብ ድንገት ሲጀምር መጠለያው ሁለት ነው። ወይ ጀበና ቡና ጋ፣ ወይ ጌም ቤት። እኔ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ጋ ነው የምገባው። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አራት ቴሌቪዥን ያላት ጠባብ ቤት አለች። አግዳሚ ወንበር፣ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ከኋላ ደግሞ ከተጫዋቹ በላይ የሚጮህ ተመልካች። እዚያ የሚነገረው ነገር ያስቀኛል። ስቄ ግን አላልፈውም። ብዙው ወሬ ሥር አለው። የቱ ጋ እንደተሳሳተ ማወቅ ደግሞ ስንቱን ጭቅጭቅ ያስቀራል።

«ጋሼ፣ ይሄ ጆይስቲክ በሽተኛ ነው!»

ጎል የገባበት ሁሉ ይህን ይላል። የባለቤቱም መልስ ያው ነው፤ «ቅድም ያ ልጅ ያሸነፈው በእሱ አይደል?» ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እኔ እዚህ ላይ ከተሸናፊው ጋር ነኝ። በአውራ ጣት የምናዞራት ዱላ ሥር እንቅስቃሴዋን የሚለካ ትንሽ ክፍል አለ። እየተፋተገ የሚሠራ ነገር ስለሆነ ያልቃል። አቧራም ይገባዋል። ያኔ ሳትነካው ተጫዋችህ ብቻውን ወደ አንድ ጎን መሄድ ይጀምራል። ቀኑን ሙሉ ከእጅ እጅ የሚዞር ጆይስቲክ ይህ ቢደርስበት አይገርምም። መለየቱ ቀላል ነው። ጨዋታው ሳይጀመር ጆይስቲኩን ጭንህ ላይ አስቀምጥና እጅህን አንሳ። ሜኑው ላይ ምልክቷ ብቻዋን ከተንቀሳቀሰች ጆይስቲኩ በእርግጥም ታሟል። ከቆመች ግን ሂሳብህን ክፈል።

«ጠንከር አድርገህ ስትጫነው ኳሱ ይጠነክራል»

ይቺን በጣም እወዳታለሁ። አንድ የመንደራ ሰፈር ልጅ አለ። ቅጣት ምት ሲያገኝ ከወንበሩ ብድግ ይላል፣ ጥርሱን ይነክሳል፣ ከዚያ ቁልፏን በሙሉ ክንዱ ይጫናታል። የጆይስቲኩ ክብ ቁልፍ ወደ ውስጥ ገብታ አልመለስ ያለችው በእሱ እጅ ነው። ፊፋ በሚባለው የእግር ኳስ ጌም ላይ ግን የምቱን ጉልበት የሚወስነው ቁልፉን ይዘህ የቆየህበት ጊዜ ነው። ስክሪኑ ላይ የምትሞላውን መስመር ማየት ይበቃል። በስሱ ይዘህ ብትቆይም መስመሯ ትሞላለች፤ በጡጫ መትተህ ቶሎ ብትለቃት አትሞላም።

ታዲያ ልጁ ይህን ከየት አመጣው? ከታላቅ ወንድሙ። ወንድሙ ደግሞ አልዋሸም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የፕሌይስቴሽን 2 ጆይስቲክ ቁልፎች የጣትን ጉልበት ይለኩ ነበር። አንዳንድ የመኪና ጨዋታ ላይ ቁልፉን በስሱ ስትነካ መኪናው ያዘግማል፣ ጠበቅ ስታደርገው ይከንፋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ፕሌይስቴሽን 4 ሲመጣ ይህ ነገር ከፊት ቁልፎቹ ላይ ቀረ። አሁን የአጫጫንህን መጠን የሚለዩት ከኋላ ያሉት ኤል 2 እና አር 2 ብቻ ናቸው። እነሱም የሚያዩት ምን ያህል እንደወረዱ ነው። ወንድምዬው ያስተማረው በዘመኑ ትክክል ነበር። ጆይስቲኩ ነው የተቀየረው።

«ጌሙ ራሱ ጎል ይሰጠዋል»

2 ለ 0 እየመራህ 80ኛው ደቂቃ ላይ ተከላካዮችህ እግራቸው ይተሳሰራል። ሁለት ጎል ይቆጠራል። ከዚያ «ጌሙ ነው የፈረደልህ!» ይጀመራል። በዚህ የተናደደው የጅማ ልጅ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተጫዋቾች የፊፋን አምራች ኢኤን ፍርድ ቤት አቁመውት ነበር። ጨዋታውን በስውር ያከብዳል፣ ያቀላል ብለው ነው የከሰሱት። ኩባንያው ይህን አናደርግም አለ። ከሳሾቹም የቴክኒክ ማብራሪያ አግኝተው፣ ከመሐንዲሶቹ ጋር ከተነጋገሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2021 ክሱን አነሱት። ተከላካዮችህ የተሳሰሩት ስለደከሙ ሊሆን ይችላል። የእያንዳንዱ ተጫዋች ጉልበት እየቀነሰ ይሄዳል፤ በዚያ ቤት ውስጥ ደግሞ ቅያሪ የሚያስገባ ሰው አላየሁም።

የመኪና ውድድር ላይ ግን ነገሩ ይለያል። «ስንት ጥዬው ሄጄ እንዴት ደረሰብኝ?» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ውድድሩ እንዳይሰለች ኮምፒዩተሩ የሚነዳቸው መኪኖች ወደኋላ ሲቀሩ የሚፈጥኑባቸው ጨዋታዎች አሉ። ማሪዮ ካርትም ኋላ ለቀረው የተሻለ መሣሪያ ይሰጣል። ተደብቆ የሚሠራ ነገር አይደለም፤ ሠሪዎቹ አስበው ያስገቡት ነው።

ፐብጂ ስለሚባለው የተኩስ ጌም ሁለት ነገር ልበል። «በመጀመሪያ ቀኔ 1ኛ ወጣሁ» የሚል የካምፓስ ልጅ ደስታውን አልቀማውም። ሆኖም የሞባይሉ ፐብጂ ለጀማሪ የሚያሰልፍለት ብዙው ተጋጣሚ ኮምፒዩተሩ የሚያንቀሳቅሰው ነው። ሌላው «ትልቅ ፓኬጅ ገዝቼም ላግ ያደርጋል» (ይዘገያል) የሚለው ቅሬታ ነው። የፓኬጁ መጠንና የመልእክቱ የመንገድ ርዝመት ለየቅል ናቸው። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባለ 60 ወንበር አውቶቡስ ብትሳፈር ከሚኒባሱ ቀድመህ አትደርስም። የተኩስህ መልእክትም ውጭ አገር ያለው ሰርቨር ደርሶ መመለስ አለበት። ስለዚህ ቅርብ ያለውን ሰርቨር ምረጥ።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ «ተቃጠለ!» የሚል ጩኸት አለ። መብራት ሲመለስ ፕሌይስቴሽን 4 በትክክል እንዳልተዘጋ ይነግርሃል፣ ማከማቻውንም ይፈትሻል። ያ ስክሪን መቃጠሉን አይናገርም፤ ጠብቀው። የሚያሰጋው ጨዋታው ሴቭ እያደረገ ባለበት ሰዓት መጥፋቱ ነው፤ ያኔ የደረስክበት ሊበላሽ ይችላል።

«ሲዲው ፎርጅድ ነው»

ይህ የመጣው ኮናሚ የሚባለው ኩባንያ ይሠራው ከነበረው የድሮው የኳስ ጌም፣ ከፔስ ነው። አርሰናል «ኖርዝ ለንደን»፣ ማንቸስተር ዩናይትድ «ማን ሬድ» ተብሎ ሲወጣ ባለቤቱን አጭበረበርከን ያሉት ነበሩ። ኦሪጅናሉም እንደዚያው ነው። ኮናሚ የክለቦቹን ስም ለመጠቀም ፈቃድ አልነበረውም። በተራው ፊፋ 20 ላይ ዩቬንቱስ «ፒየሞንቴ ካልቾ» ተባለ፤ ያን ጊዜ ፈቃዱን የያዘው ኮናሚ ነበር።

አንድ የ12 ዓመት ልጅ በዚሁ ምክንያት ጅማ አባ ጅፋር በሌላ ስም ፊፋ ውስጥ ተደብቋል ብሎ ያምን ነበር። በ2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ያነሳ ቡድን እንዴት አይኖርም? ጥያቄው ልቤን ነካኝ። ሊጋችን ፊፋ ውስጥ የለም፤ በኮድም አይከፈትም። ፊፋ 22 ላይ ግን ካሪየር ሞድ (ክለብ እየመራህ የምትጫወትበት ክፍል) ውስጥ የራስህን ክለብ መፍጠር ይቻላል። ስሙን፣ ማልያውን፣ አርማውን ትመርጣለህ፤ ከዚያ አንዱን ክለብ አስወጥተህ ትተካዋለህ።

አሳየሁት። ሰዓቱ እስኪያልቅ ማልያ ሲመርጥ ዋለ። በማግስቱ ስመጣ አባ ጅፋር 4 ለ 1 ተሸንፎ ጠበቀኝ።

«ጆይስቲኩ ነው» አለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

ተቀብዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩትና እጄን አነሳሁ። ምልክቷ ቀስ እያለች ብቻዋን ወደ ታች ወረደች።