ጣቢታ እና የሰፈራችን ዕድር

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ከቁጥር 36 ጀምሮ በኢዮጴ ከተማ ስለነበረችው ደቀ መዝሙር ስለ ጣቢታ ሲተርክ ከአንደበቷ የወጣ አንድ ቃል እንኳ አልጻፈልንም። የምናየው ስትሞት መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩትን፣ እሷ የሠራችውን ቀሚስና ልብስ ነው። ልብስ የሚሰፋ ደግሞ ይለካል። ጣቢታ የኢዮጴን መበለቶች በጅምላ ሳይሆን አንድ በአንድ ታውቃቸው ነበር።

እህቶች፣ ሰፈራችንን ማገልገል ከዚህ ይጀምራል። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢራራቁም ችግራቸው ለየቅል ነው። ደሴ በ2,500 ሜትር ከፍታ አካባቢ ላይ ስላለች በኅዳር ሌሊት ጧሪ የሌላት እናት የሚያስፈልጋት ብርድ ልብስ ነው። በሞቃታማዋ ኮምቦልቻ ግን ክረምቱ ሲወጣ ወባ ስለሚነሳ አጎበር ይቀድማል። አጎበሩን ሰጥቶ መመለስ ግን አይበቃም። ብዙ ቤት የሚሰቀልበት ሚስማር ስለሌለ ብቻ እንደታጠፈ ይቀራል። ሚስማርና ሲባጎ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሰቅላችሁ ጫፉን ከፍራሹ ሥር ወትፋችሁ ውጡ።

ትልቁ ሥራ ያለው ዕድር ውስጥ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ወርሃዊ መዋጮው ሲያቅታት አፍራ ከስብሰባ ትቀራለች። ውዝፉ ይከመራል፣ ቅጣት ይታከልበታል፣ በመጨረሻም በደንቡ መሠረት ስሟ ይሰረዛል። ማንም ክፉ አስቦባት አይደለም፤ መዝገቡ ውዝፉን እንጂ ምክንያቱን ስለማይጽፍ ነው። በሐዋርያት ሥራ 6 መበለቶች ከዕለቱ እርዳታ ሲዘነጉ ሐዋርያት 7 ሰዎች አስመርጠው ኃላፊነቱን ለይተው ሰጡ። እኛም እንዲሁ እናድርግ። ሁለት ወር ያልከፈለችውን ሦስተኛው ሳይደርስ ሁለት ሴቶች ቤቷ ሄደው ይጠይቋት፤ ስሟ ግን በስብሰባ ላይ በፍጹም አይነሳ። ለአቅመ ደካሞች መዋጮ የሚሸፈንበት አንቀጽ በጠቅላላ ጉባኤ ጸድቆ መተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ይግባ። በሰብሳቢው በጎ ፈቃድ ብቻ የተጀመረ እርዳታ እሱ ሲለወጥ ይቆማል፤ ሐሜትም ያስከትላል።

ገንዘቡን የሚይዘውና ሒሳቡን የሚመዘግበው አንድ ሰው አይሁን። ከባንክ ወጪ ሲደረግ ቢያንስ ሁለት ፊርማ ይኑር፣ ለትንሿም ብር ደረሰኝ ይቆረጥ። ጳውሎስ የምእመናኑን ስጦታ ሲያደርስ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ነቀፋ እንዳይኖርበት ተጠንቅቋል (2ኛ ቆሮንቶስ 8፥20-21)። አማኞች ነን ብሎ ሒሳብ አለማሳየት አማኙንም ዕድሩንም ይጎዳል።

ደግሞ ወሎ ነንና ዕድሩ የሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ነው። የችግረኞች ዝርዝር ሲዘጋጅ የእነሱ መበለት ከእኛዋ ኋላ አትሰለፍ። ለቅሶ ቤት ሥጋ ከተሠራ እርዱ ብቻ ሳይሆን ድስቱ፣ ቢላውና ጭልፋው ጭምር ይለይ። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀላቀለው በጥድፊያ ጭልፋው ነው፤ ያን ያየች እናት ምንም ሳትናገር ሳትበላ ትሄዳለች። የጭልፋዎቹን እጀታ አስቀድማችሁ በተለያየ ቀለም ቀቡ፤ ወጡን የሚያወጡትም ከየወገኑ የተመደቡ ሴቶች ይሁኑ።