«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ሲባል

ምስሉ የወንዝ ነው። ዓሣ አገኛለሁ ብሎ ወንዝ ዳር ካለ ጉድጓድ እጁን የሰደደ ሰው፣ ዘንዶ ጎትቶ ሊያወጣ ይችላል። (የዛሬው አቃቂ እንኳን እጅ ሊሰዱበት አፍንጫም አያስጠጋ።) ሲተረት ማስጠንቀቂያ ነው፦ አትነካካ፣ የተኛውን ትቀሰቅሳለህ።

በቱሉ ዲምቱና በአቃቂ ቃሊቲ፣ አጥር ለአጥር በሚዋሰኑ ግቢዎች፣ ይህ ተረት ሥራ አይፈታም። ጎረቤቴ ግማሽ ሜትር ገፋብኝ ያለ ሰው ወረዳ ሄዶ ያመለክታል። ባለሙያው ሜትሩን ይዞ መጥቶ ሲለካ፣ ከካርታው ውጭ የሚገኘው የአመልካቹ የራሱ የቆርቆሮ ማድቤት ይሆናል። ያኔ ከአጥር ወዲያ ያሉት እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዓሣ ጎርጓሪ...» ይላሉ፤ ቀሪውን መጨረስ አያስፈልግም።

እኔ ግን ተረቱ ይበልጥ የሚያምርበት ፊዚክስ ውስጥ ነው ባይ ነኝ፤ እዚያ ዘንዶው ይናፈቃል እንጂ አይፈራም። ከታላቁ ፍንዳታ በኋላ ቁስና ፀረ ቁስ (ተቃራኒ ቻርጅ ያለው የቁስ አቻ) እኩል ተፈጥረው ቢሆን ተጠፋፍተው ባለቁ ነበር፤ እኛ ግን አለን። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ክሮኒንና ፊች እ.ኤ.አ. በ1964 ካኦን በተባለ ቅንጣት ላይ ያዩት ዓይነት የሲሜትሪ (ቁስንና ፀረ ቁስን እኩል የሚያይ የተፈጥሮ ሕግ) መፍረስ ይህን ለማስረዳት አይበቃም። ሰበቡ ገና ያልታየ ከባድ ቅንጣት ከሆነ፣ አሻራው ኤሌክትሮን ላይ ሊገኝ ይችላል፦ ቻርጁ በስፒኑ (ሽክርክሪት በሚመስል የተፈጥሮ ባሕርዩ) አቅጣጫ እጅግ በጥቂቱ ያዘነብላል። ጊዜ ወደ ኋላ ቢሄድ ስፒኑ ይገለበጣል፣ ዝንባሌው ግን ባለበት ይቀራል፤ የጊዜ ሲሜትሪው ፈረሰ ማለት ነው፤ ይህም ከቁስና ከፀረ ቁስ ሲሜትሪ መፍረስ ጋር የተያያዘ ነው።

የሚጎረጎረው ጉድጓድ ሞለኪውል ነው። ዝንባሌውን ለማየት ኃይለኛ የኤሌክትሪክ መስክ ያስፈልጋል፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚፈጠረው ለዚህ አቅም የለውም። በቶሪየም ሞኖኦክሳይድ ውስጥ ግን ኤሌክትሮኑ ላይ የሚያርፈው መስክ በሴንቲ ሜትር ወደ 80 ቢሊዮን ቮልት ይጠጋል። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ያለው የጂላ (JILA) የምርምር ተቋም ቡድን ደግሞ የሃፍኒየም ፍሎራይድ አዮኖችን (ቻርጅ ያላቸው ሞለኪውሎችን) አጥምዶ ስፒናቸውን እስከ 3 ሰከንድ ያህል ተከታተለ። ሞለኪውሉ ወዲህና ወዲያ ሲዞር የስፒኑ የመዞር ፍጥነት ቢለያይ ዘንዶው ጭራውን አሳየ ማለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ውጤት አልተለያየም የሚል ነው፤ ዝንባሌው ካለም፣ በኤሌክትሮን ቻርጅ መለኪያ፣ ከ4.1 × 10⁻³⁰ ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነው።

ባዶ እጅ ግን አይደለም። ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር የሆነው የሰርን (የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት) የቅንጣት ማፋጠኛ በቀጥታ ሊፈጥራቸው የማይችላቸውን ከባድ ቅንጣቶች የሚተነብዩ በርካታ ንድፈ ሐሳቦች በዚህ ቁጥር ጠበብ ብሎባቸዋል። የጂላ ቡድን ቀጣይ ምርጫ ቶሪየም ፍሎራይድ ነው፤ ስፒኑን ከዚህም ረዘም ላለ ጊዜ ለመከታተል ያስችላል።